የጌታው ዓይንና የቪየና ነጭ ፈረሶች

ለፈረስ ክብር መስጠት ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህንንም ለክቡራን አንባቢዎቻችን ብናስረዳ ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይሆንብናል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላም አባ ነጋ መባላቸው በፈረሳቸው ስም ነው። በነገሥታቱም ግቢ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበረ፤ ስለ ፈረሶቹ መክሳትና መወፈር፥ ስለ ጋጣቸውና ስለ ገብሳቸው የሚጠየቀው እርሱ ነበር።

በብዙ አገር ደግሞ «የጌታው ዓይን ፈረስን ያወፍራል» የሚል አሮጌ ምሳሌ ይነገራል። ፈረሱ የአንድ ጌታ በሆነ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጌታው ማለዳ ተነሥቶ ወደ ጋጣው ብቅ ቢል አሽከሩ ገብሱን አያጎድልም፥ ልጓሙንም ሳይጠርግ አያድርም። ነገር ግን ፈረሱ የመንግሥት፥ መንግሥቱም የሕዝብ ሁሉ በሆነ ጊዜ፥ የጌታው ዓይን የማን ዓይን ይሆናል? አዲስ የፈረስ ቤት በሕዝብ ስም ቢሠራስ የሚቆጣጠረው ማን ነው? ይህን ነገር በዓይናችን ለማየት ወደ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ወደ ቪየና ሄድን፤ ከዚያም ሄልደንበርግ ወደሚባለው ስፍራ ወጣን። ያየነውንና የተረዳነውን ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን። ዓመቶቹን ሁሉ የቈጠርነው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በቪየና ከተማ መካከል ሆፍቡርግ የሚባለው የቀድሞ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ይገኛል። ከዚሁ ግቢ አንዱ ክፍል በብርድ ወራት ፈረስ የሚጋለብበት ትልቅ አዳራሽ ነው። ይህን አዳራሽ ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ አዝዘው፥ ዮሴፍ አማኑኤል ፊሸር ፎን ኤርላህ የተባለው መሐንዲስ ከ1729 እስከ 1735 ድረስ ሠራው። ርዝመቱ 55 ሜትር፥ ወርዱ 18 ሜትር፥ ቁመቱ 17 ሜትር ነው፤ ሰገነቱንም የተሸከሙት 46 ዓምዶች ናቸው። ግድግዳውና ጣራው ነጭ ነው፤ ከላይ ትልልቅ የብርጭቆ መብራቶች ተሰቅለዋል። ወለሉ ግን ምንጣፍም እብነ በረድም አይደለም፤ አሸዋ ነው። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሰው የሚጠብቀው የመሳፍንት ግብዣ ነው፤ በሩ ሲከፈት የሚገባው ግን ፈረስ ነው።

ፈረሰኞቹ ቡናማ ልብስ ለብሰው፥ ሁለት ማዕዘን ያለው ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው፥ በዝግታ ተሰልፈው ይገባሉ። በአዳራሹ ራስ የንጉሠ ነገሥት ካርል ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሁሉም በሥዕሉ ፊት ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ይነሣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የሞቱት በ1740 ነው፤ የኦስትሪያም ዘውድ በ1918 ወድቋል፤ ሰላምታው ግን እስከ ዛሬ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ነጫጮቹ ድንጉሎች ሥራቸውን ይጀምራሉ። አንዱ በኋላ እግሮቹ ተቀምጦ የፊቱን አካል ወደ ላይ አንሥቶ እንደ ሐውልት ጸጥ ይላል፤ ሁለተኛው በኋላ እግሮቹ ብቻ ቆሞ ወደ ፊት ይዘላል፤ ሦስተኛው ከምድር ተነሥቶ በአየር ላይ ሳለ የኋላ እግሮቹን ይወረውራል። ፈረሰኛው ሲጮህ ወይም ሲማታ አይታይም፤ እጁም የተንቀሳቀሰ አይመስልም። በአገራችን ጉግስ ያየ ሰው የፈረስን ኃይልና ፍጥነት ያውቃል፤ በዚህ ስፍራ የሚታየው ግን የፈረስ ትዕግሥት ነው።

ይህ ትምህርት ቤት በጽሑፍ የሚታወቀው ከ1565 ጀምሮ ነው። «የስፓኝ የግልቢያ ትምህርት ቤት» የተባለው ፈረሰኞቹ ስፓኛውያን ስለ ሆኑ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ፈረሶች ዘር ከስፓኝ አገር የመጣ ስለ ሆነ ነው። በ1580 የኦስትሪያው መስፍን ካርል፥ ዛሬ በስሎቬኒያ ግዛት ባለችው በሊፒጻ መንደር የፈረስ ማርቢያ አቋቋሙ፤ ፈረሶቹም ከዚህች መንደር ስም ሊፒጻነር ተባሉ። ውርንጭላው ሲወለድ ጥቁር ወይም ዳማ ነው፤ ከዓመት ወደ ዓመት እየነጣ ሄዶ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ዕድሜ ነጭ ይሆናል። አልፎ አልፎ ሳይነጣ የሚቀር ይገኛል፤ እንዲህ ያለው አንድ ዳማ ፈረስ በጋጣው ቢኖር ዕድል ያመጣል ብለው በደስታ ይይዙታል።

ስለ ስማቸው ያየነው ነገር በጣም አስደነቀን። በእኛ አገር ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ በዚያ ግን ፈረሱ በአባቱና በእናቱ ስም ይጠራል። የአባቶች ዘር ስድስት ነው፤ እነርሱም ፕሉቶ፥ ኮንቬርሳኖ፥ ኔአፖሊታኖ፥ ፋቮሪ፥ ማኤስቶሶና ሲግላቪ ናቸው። ድንጉላው መጀመሪያ የአባቱን ዘር ስም፥ ቀጥሎ የእናቱን ስም ይይዛል። ስለዚህ የስሙ መዝገብ የትውልድ መዝገብ ነው፤ አንድ ዘር ቢጠፋም ምን እንደ ጠፋ በስሙ ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ድንጉላው አራት ዓመት ያህል ሲሆነው ለትምህርት ይመጣል፤ ሙሉ ትምህርቱን እስኪጨርስ ስድስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ፈረሰኛውም በወጣትነቱ ገብቶ ሙሉ ፈረሰኛ ለመባል አሥር ዓመት ያህል ይማራል። ሴቶች ልጆች ለዚሁ ትምህርት የተቀበሏቸው ከ2008 ጀምሮ ነው። ትምህርቱም በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ሽማግሌው ፈረሰኛ ወጣቱን ያስተምራል፥ የተማረው ፈረስም ያልተማረውን ፈረሰኛ ያስተምራል። ይህ ሰንሰለት አንድ ትውልድ ያህል ቢቋረጥ በገንዘብ ተመልሶ የሚገዛ አይደለም። የመንግሥት በጀት ግን የሚቈጠረው በዓመት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በዓመት የሚቈጠር ገንዘብ በአሥር ዓመት የሚበስለውን ሥራ እንዴት ይቆጣጠረዋል?

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የጌታው ዓይን አንድ ነበረ። ዘውዱ ከወደቀ በኋላ ግን ሪፑብሊኩ የንጉሥን ፈረስ ስለ ምን ይቀልባል የሚል ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነበር። ሊፒጻም ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢጣልያ ግዛት ስለ ሄደች የኦስትሪያ መንግሥት ድርሻው የሆኑትን ፈረሶች በ1920 ሽታየርማርክ በሚባለው አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ፒበር አዛወረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ነገሩ ሁሉ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። የትምህርት ቤቱ አለቃ አሎይስ ፖድሐይስኪ በ1945 ድንጉሎቹን ከቪየና አስወጥተው ወደ ላይኛው ኦስትሪያ ወሰዱ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት 7 ቀን በአሜሪካዊው ጄኔራል ፓተን ፊት አስጋልበው ጥበቃ እንዲደረግላቸው ለመኑ። ባዝራዎቹና ውርንጭሎቹም በቦሔሚያ ሆስታው በምትባል ስፍራ ነበሩ፤ የአሜሪካ ወታደሮች በሚያዝያ 28 ቀን ያዟቸውና አዳኗቸው። ትምህርት ቤቱ ወደ ቪየና የተመለሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1955 ነው።

ከዚህም በኋላ መከራው አላለቀም። በ1992 በኅዳር ወር ሌሊት በሆፍቡርግ እሳት ተነሥቶ ከፈረሶቹ ጋጣ አጠገብ ያለው የግብዣ አዳራሽ ተቃጠለ። ጋጣው ሽታልቡርግ ይባላል፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ለመስፍን መኖሪያ ተብሎ የተሠራ፥ በሦስት ደርብ በቅስት የተከበበ ያማረ ግቢ ነው። ያማረ ነው፤ ነገር ግን በከተማው ልብ ውስጥ የታጠረ ነው። በዚያች ሌሊት ጠባቂዎቹና መንገድ አላፊው ሁሉ ፈረሶቹን እየሳቡ በጨለማ ወደ ከተማው የአትክልት ቦታ አወጧቸው፤ ፈረሶቹም ተረፉ። ያን ጊዜ ቤተ መንግሥት መሆኑ ብቻ ለፈረስ በቂ ቤት እንደማያደርገው ለሰው ሁሉ ተገለጠ። ፈረስ የሚሮጥበት ሜዳ፥ የሚያርፍበት ዛፍ፥ የሚሸሽበትም በር ያስፈልገዋል።

ከዚህ በኋላ መንግሥቱ ሁለት ነገር አደረገ። የመጀመሪያው ሕግ ነው። ትምህርት ቤቱና የፒበር ማርቢያ ከ2001 ጀምሮ ከተራ የመንግሥት መሥሪያ ቤትነት ወጥተው በሕግ የቆመ አንድ ኩባንያ ሆኑ። ኩባንያው የመንግሥት ነው፤ የገዛ ገቢውንና ወጪውን ግን ራሱ እንዲያስተዳድር ተፈቅዶለታል። ሕጉ የሊፒጻነርን ዘር ማርባትንና የቀድሞውን የግልቢያ ጥበብ መጠበቅን ሥራው አድርጎ ጽፎበታል። ሁለተኛው አዲስ ቤት ነው፤ ይኸውም በ2005 በሄልደንበርግ የተከፈተው የልምምድና የማረፊያ ስፍራ ነው።

ይህን ስፍራ ለማየት አንድ ቀን ማለዳ ከቪየና ተነሣን። መንገዱ ዳኑብን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከተማው ካለቀ በኋላ አገሩ ሜዳና ዝቅተኛ ኮረብታ ይሆናል፤ በኮረብታው ወገብ ወይን፥ በሜዳው ስንዴና ሱፍ ይታያል። ከነጭ አዳራሽና ከብርጭቆ መብራት ወጥቶ ወደዚህ ሜዳ የሚደርስ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ጸጥታው ነው። በቪየና ፈረሶቹ ከጋጣቸው ወደ አዳራሹ ለመድረስ የከተማ መንገድ መሻገር አለባቸው፤ እዚህ ግን በሣር ላይ ይሄዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ ስድስት ሳምንት ያህል ድንጉሎቹ ዕረፍት ተሰጥቷቸው በዚህ ይሰነብታሉ፤ በሌላውም ጊዜ ተራ ተራ እየመጡ ይለማመዳሉ። በቪየና እንደ ሐውልት ጸጥ ብሎ የምናየው ፈረስ፥ በዚህ ሣር ላይ ሲንከባለልና ጋማውን ሲያራግፍ ስናይ፥ ሕፃን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ያየን መሰለን።

ሄልደንበርግ ማለት «የጀግኖች ኮረብታ» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረሶቹ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ለኦስትሪያ ጦር ልብስና ስንቅ እያቀረበ የበለጸገ ዮሴፍ ጎትፍሪድ ፓርግፍሪደር የሚባል ነጋዴ በዚህ ኮረብታ ላይ ለጦሩ ጀግኖች መታሰቢያ አቆመ። በዛፎቹ መካከል ከመቶ የሚበልጡ የመኳንንትና የመኰንኖች የራስ ምስሎች ተሰልፈው ይታያሉ። በሐውልቱም ሥር ታላቁ የጦር አለቃ ፊልድ ማርሻል ራዴትስኪ ተቀብረዋል፤ እርሳቸው በ1858 በ91 ዓመታቸው ያረፉ ናቸው። ነጋዴው የጦር አለቃውን ዕዳ ስለ ከፈለ መቃብራቸው በዚህ እንዲሆን ቃል እንደ ተቀበለ ይነገራል። በመጨረሻም ስፍራውን ለንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ሰጠ፤ ራሱም በ1863 ሞቶ በዚያው ተቀበረ።

ይህንን ታሪክ የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመንግሥት ዕቃ አቅርቦ የበለጸገ ሰው ባቆመው የጀግኖች መታሰቢያ አጠገብ ዛሬ በሕዝብ ስም የሚተዳደር የፈረስ ቤት መቆሙ ለባለ ሥልጣን ሁሉ ትምህርት ነው። የመንግሥት ገንዘብ በሚፈስበት ስፍራ ሁሉ ከአጠገቡ የሚቆም ሰው ይኖራል፤ አንዱ ለማገልገል ይቆማል፥ አንዱም ለመቅዳት ይቆማል። ሁለቱን የሚለየው መልካቸው አይደለም፤ ተቆጣጣሪ ነው።

ታዲያ በኦስትሪያ የጌታው ዓይን የማን ነው? እኛ የተረዳነው እንደዚህ ነው። የመጀመሪያው ዓይን የእርሻ ሚኒስቴር ነው፤ ኩባንያው በሥልጣኑ ሥር ነውና። ሁለተኛው ዓይን የተቆጣጣሪዎች ሸንጎ ነው፤ ሸንጎው የአለቆቹን ሥራ ይመረምራል፥ ትልልቁንም ጉዳይ ይመለከታል። ሦስተኛው ዓይን የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ሥሩ ንግሥት ማርያ ቴሬዝያ በ1761 ካቋቋሙት የቤተ መንግሥት ሒሳብ ቤት ይመዘዛል፤ እንግዲህ ከግልቢያው አዳራሽ በዕድሜ የሚያንሰው በ26 ዓመት ብቻ ነው። መንግሥት ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ድርሻ ያለውን ኩባንያ ሁሉ ለመመርመር ሥልጣን አለው። የመረመረውንም በሣጥን አይቈልፍበትም፤ ለሕዝብ ምክር ቤት ያቀርበዋል፥ ለማንበብ ለሚወድ ሁሉም ታትሞ ይወጣል። ስለዚህ ከአራተኛው ዓይን፥ ከሕዝቡ ዓይን ይደርሳል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ፈተና አለበት። የሒሳብ ዓይን የሚያየው በቍጥር የሚጻፈውን ነው። የቲኬት ገቢ በቍጥር ይጻፋል፤ የገብስና የድርቆሽ ዋጋ በቍጥር ይጻፋል፤ የፈረስ ድካም ግን ለመጻፍ አስቸጋሪ ነው። ተመልካች በበዛ ቍጥር ገቢ ይበዛል፤ ገቢ እንዲበዛ ደግሞ ትርኢት ሊበዛ ይችላል፤ ትርኢት ሲበዛ የሚደክመው ግን ሸንጎው አይደለም፥ የድንጉላው ጀርባና ጉልበት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ገቢው ከተናቀ ሸክሙ ሁሉ በግብር ከፋዩ ላይ ይወድቃል፤ ግብር ከፋዩም አንድ ቀን «ይህ የመኳንንት ጨዋታ ለእኔ ምኔ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የአዳራሹ በር በተዘጋ ጊዜ ይህ ነገር በግልጽ ታየ። ተመልካቹ ቀረ፥ የቲኬቱም ገንዘብ ቀረ፤ ፈረሱ ግን ተመልካች ስለ ቀረ መብላት አልተወም።

የሄልደንበርግ ስፍራ ጥቅሙ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ብናየው ወጪ ነው፤ ሣር የሚጋጥበት ሜዳ፥ የሚሰግርበት ጥላ፥ ለስድስት ሳምንት ሥራ የማይሠራ ፈረስ፥ ይህ ሁሉ ወጪ ነው። በጋጣው ብናየው ግን የአሥር ዓመት ትምህርት የሚጠበቅበት ዋስትና ነው። ያረፈ ፈረስ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ያላረፈ ፈረስ ግን ለአንድ ዓመት ሒሳብ ትርፍ አሳይቶ ለሚመጣው ዓመት ዕዳ ይተዋል። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚቆጣጠር ሹም ሁለት መዝገብ ያስፈልገዋል። አንደኛው ግንበኛው፥ አናጢውና ነጋዴው የተቀበሉት ገንዘብ የሚጻፍበት ነው። ሁለተኛው ፈረሶቹ ስንት ቀን እንደ ሠሩና ስንት ቀን እንዳረፉ፥ የትኛው እንዳነከሰ፥ የትኛው ገብሱን እንደ ተወ የሚጻፍበት ነው። የመጀመሪያውን የሒሳብ አዋቂ ይጽፈዋል፤ ሁለተኛውን የሚጽፈው ባልደራስና የፈረስ ሐኪም ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ሹም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

ማምሻውን ከኮረብታው ከመውረዳችን በፊት አንድ ነገር አየን። ከጠባቂዎቹ አንዱ ከልምምድ የተመለሰውን ድንጉላ ኮርቻ አውርዶ፥ ጀርባውን በመዳፉ በዝግታ ከትከሻው እስከ ወገቡ ዳበሰው፤ ቀጥሎም አራቱን ሰኮናዎች ተራ በተራ አንሥቶ ተመለከተ። ይህን ሲያደርግ የሚያየው አለቃ በአጠገቡ አልነበረም፤ እኛንም ልብ ያለን አልመሰለንም። ያን ጊዜ ሕጉ፥ ሸንጎውና መርማሪው ሁሉ የሚደክሙት ይህ እጅ ሳይሰለች ሥራውን እንዲሠራ መሆኑን ተረዳን። ይህ እጅ ከታከተ አዳራሹ ባዶ ነጭ ቤት ነው።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። አዲስ ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ያደርሳል እንጂ ሥራውን አይሠራም። በአገራችን የፈረስ ቤትም ይሁን ትምህርት ቤት፥ ሐኪም ቤትም ይሁን የሙት ልጆች ማሳደጊያ፥ በመንግሥት ገንዘብ ሲሠራ ሪባን የሚቈረጥበት ቀን ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሚያስመሰግነው ከዚያ በኋላ ያለው አሥረኛው ዓመት ነው። ባለ ሥልጣኑ ሒሳቡን በጽሕፈት ቤቱ ሲመረምር፥ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተነሥቶ እስከ ጋጣው ድረስ ይሂድ። በቤተ ሰብም ዘንድ ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ እመቤቲቱ የቀለቡን ወጪ ስትጽፍ የልጆቹን ፊት ደግሞ ትመልከት፤ ጌታውም የበቅሎውን ዋጋ ሲቈጥር ጀርባዋን ይዳብስ። ቍጥሩ ትክክል ሆኖ ፊቱ ከከሳ፥ ስሕተቱ በመዝገቡ ውስጥ አይደለም፤ መዝገቡ ሊያየው ያልቻለ ነገር አለ ማለት ነው።

የቪየና ፈረሰኞች ዛሬም ለካርል 6ኛ ሥዕል ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። ሥዕሉ አያያቸውም፤ የሞተ ንጉሥ ፈረስ ሊጠብቅ አይችልም። ነገር ግን ጌታ አለብን ብለው እንዲያስቡ ያደርጋቸዋል። ጌታቸውም ዛሬ ሕዝቡ ነው፤ የሕዝቡም ዓይን እንዳይጨፈን ሕግ ተጽፏል። በአገራችንም የሕዝብ ሀብት የተሰጠው ሹም ሁሉ እንዲህ ያለ ዓይን በላዩ እንዳለ አስቦ ቢሠራ፥ ፈረሱም ይወፍራል፥ ቤቱም ይጸናል።